ድምፅ ያልነበረው ሣቅ

ዛሬ ሲኒማ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የሚናገር፣ የሚዘፍንና የሚተኩስ ሥዕል ነው። ሲኒማ ግን ሲወለድ ዲዳ ነበር፤ ሰውን ማሣቅ የጀመረውም በዲዳነቱ ዘመን ነው።

ሉሚዬር የተባሉት ሁለት የፈረንሳይ ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ፣ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳዩት ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ ዘንድ የገብርኤል ዕለት መሆኑ ነው። ከጎብዬ በስተ ሰሜን፣ ከራያ ሜዳ ማዶ፣ የአምባላጌ ጦርነት ከተደረገ ገና 3 ሳምንቱ ነበር።

በዚያ ዕለት ከታዩት 10 ፊልሞች አንዱ ቀልድ ነበር፤ 1 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንድ አትክልተኛ በጎማ ቱቦ ውኃ ሲያጠጣ፣ ልጅ ከኋላው መጥቶ ቱቦውን ይረግጥበታል። ሰውዬው ውኃው ምን ነካው ብሎ የቱቦውን አፍ ሲመለከት ልጁ እግሩን ያነሣል፤ ውኃውም ፊቱን ይመታዋል። ከዚያ ልጁ ተይዞ ይገረፋል። ታሪኩ ይኸው ነው።

እስቲ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ከዚህ ጋር እናስተያየው። የአለቃ ሣቅ በቃሉ ሰምና ወርቅ ውስጥ ስላለ፣ አማርኛ ለማያውቅ ብንተረጕምለት አፍረን እንቀራለን። የአትክልተኛው ግን አስተርጓሚ አያሻውም። በቆቦ ገበያ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ቢያዩት፣ ሦስቱም እኩል በሣቁ ነበር።

ይህን ጥበብ ከሁሉ በላይ ያሳደገው፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ እንግሊዛዊው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። በ1906 ዓ.ም. በጠባብ ኮት፣ በሰፊ ሱሪ፣ በትልቅ ጫማና በትንሽ ባርኔጣ፣ ከዘራውን እያወዛወዘ በአሜሪካ ፊልም ብቅ አለ። በአንድ የፈረንጅ ዓመት ውስጥም ከ30 በላይ ፊልሞች ሠራ፤ አብዛኞቹ ግማሽ ሰዓት አይሞሉም። የጌታ አካሄድ የሚሄድ ድሀ ነው፤ ይህን ለመረዳት ድህነትን ማወቅ ይበቃል።

ወደ አገራችን ሲኒማ የገባው በ1890ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ኋላም በአዲስ አበባ ለሕዝብ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሰው «የሰይጣን ቤት» አለው። በዚህ ስም በአባቶቻችን ላይ የሚያላግጡ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። በጨለማ ቤት ሥጋና ደም የሌለው ሰው፣ ኮቴው ሳይሰማ በግድግዳ ላይ ሲሮጥ ማን የማይደነግጥ አለ? ፈረንጆችስ የገዛ ወገኖቻቸው ከሥዕሉ የሚመጣ ባቡር የሚጨፈልቃቸው መስሏቸው ሸሹ ብለው ይተርኩ የለምን? የታሪክ ሊቃውንት ወሬውን ቢጠራጠሩትም።

በ1920 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊልም መናገር ጀመረ፤ የዲዳው ዘመንም ወዲያው አለቀ። ቻፕሊን ግን አሻፈረኝ አለ። «ዘመናዊ ጊዜ» በተባለው በ1928 ዓ.ም. ፊልሙ ያ ከዘራ ያዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አሰማ፤ ዘፈነም። የዘፈነው ቃል ጣልያንኛም ፈረንሳይኛም ይመስላል፣ ነገር ግን በማናቸውም ቋንቋ ትርጕም የለውም። ተመልካቹ የሚሥቀው እጁንና ዓይኑን እያየ ነው።