የምድር መልክ በወረቀት ላይ

በቡድን ዐውደ ርእይ የተሰቀለ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ፊት ስንቆም ፍርዳችን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ያምራል» ብለን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ያመረው ተራራው ይሁን ህትመቱ አንለይም። ፎቶ አንሺው ምን እንዳስገባና ምን እንዳስቀረም አንጠይቅም። ይህ ልማድ ከእኛ የጀመረ አይደለም፤ ረጅም የዘር ሐረግ አለው።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ካርልተን ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1861 ወደ ካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ሸለቆ ሲጓዝ ካሜራው 46 በ56 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ኔጌቲቭ የሚጎርስ ነበር። ያኔ ፎቶግራፍ የሚታተመው መስታወቱን በእንቁላል ነጭ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ገጥሞ ለፀሐይ በመስጠት ነውና፣ ትልቅ ህትመት የፈለገ ትልቅ መስታወት ከመጫን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በ1862 ህትመቶቹ ኒው ዮርክ በጉፒል ጋለሪ ታዩ፤ የዐለቱ ስንጥቅ ሳይቀር የሚነበብባቸው ነበሩና ተመልካቹን አስደነቁ። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1864 ሸለቆው ለሕዝብ እንዲጠበቅ የሚያዘውን ሕግ ሲፈርሙ እነዚህ ምስሎች ድርሻ እንደነበራቸው ይታመናል። ይሁንና በ1851 የታጠቀ ጦር እዚያው ሸለቆ ገብቶ ነባሮቹን አዋኒቺዎች ከቀያቸው አፈናቅሏል። በህትመቶቹ ላይ ሰው ያልረገጠው መስሎ የሚታየው ምድር በጉልበት የተለቀቀ ምድር ነበር። ጥራቱን ማድነቅ ተገቢ ነው። ባዶነቱን ሳይጠይቁ ማለፍ ግን ዕዳ ሆኖ ለኋለኞቹ ተላልፏል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጋር የመጡ የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች ካሜራ ይዘው ነበር። ዋና ሥራቸው ለጦሩ ካርታና ንድፍ ማባዛት ሲሆን፣ በጎኑ አገሩንም አነሡ። ተራሮቻችንን ያዩት መድፍና በቅሎ የሚያልፍበትን በር በሚፈልግ ዐይን ነው። የመቅደላ ህትመቶቻቸው ቡናማ ቃና ልብ ይስባል፤ ገደሉም ጎልቶ ይታያል። ሆኖም ዐፄ ቴዎድሮስ የወደቁበትን፣ ጦሩም ሲመለስ ያቃጠለውን አምባ እያየ ስለ ቃና ብቻ የሚናገር ሐያሲ ግማሹን ብቻ አይቷል።

ያንን ግማሽ፣ ማለትም ወረቀቱንና ቃናውን፣ አጥብቀው የያዙት ኋላ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1932 «ኤፍ 64» የተባለው ቡድን ከተጋባዦቹ ጋር በሳን ፍራንሲስኮው ደ ያንግ ሙዚየም 80 ህትመቶችን ሰቀለ። ፎቶግራፍን እንደ ሥዕል የሚያደበዝዘውን የጊዜውን ፋሽን ተቃውመው በለስላሳና አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ጥርት ያለ ምስል አቀረቡ። የዚያ ፋሽን ጠበቃ ከነበረው ከዊልያም ሞርቴንሰን ጋር በ«ካሜራ ክራፍት» መጽሔት የተደረገው ክርክርም መራር ነበር። እኔ ያንን ምሬት እወደዋለሁ፤ ስለ ህትመት አሠራር ሰዎች የሚጣሉበት ጊዜ ነበርና።

ከቡድኑ አንዱ አንሰል አዳምስ ኔጌቲቭን ከዜማ ድርሰት፣ ህትመትን ከአጨዋወቱ ጋር ያመሳስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮዋ ኸርናንዴዝ መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሣው ፎቶ ለዚህ ምስክር ነው። በቀደሙት ህትመቶች ሰማዩ ፈካ ያለና ስስ ደመና የሚታይበት ነው፤ ከዐሥርት ዓመታት በኋላ ባተማቸው ግን ወደ ድፍን ጥቁረት ተጠግቷል። ኔጌቲቩ ያው አንዱ ነው። በፊተኛው መቃብሮቹና ቤቶቹ ከምሽቱ ብርሃን ጋር ይኖራሉ፤ በኋለኛው ጨረቃዋ ትነግሣለች። ለእኔ ፊተኛው ይበልጣል፤ መንደሯ በድራማው አልተዋጠችምና። እንዲህ ያለ ፍርድ ግን ህትመቱን ፊት ለፊት ሳያዩ አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በ1975 ሮቸስተር በሚገኘው የጆርጅ ኢስትማን ቤት ዊልያም ጄንኪንስ ያሰናዳው «ኒው ቶፖግራፊክስ» ደግሞ ምድሪቱ ምን ሆነች፣ ምንስ ከፍሬሙ ቀረ የሚለውን የተረሳ ጥያቄ መልሶ አነሣው። 10 ስሞች፣ 168 ሥራዎች፤ ከስቲቨን ሾር በቀር ሁሉም በጥቁርና ነጭ። ሮበርት አዳምስ በኮሎራዶ ተራሮች ግርጌ የፈሉትን አንድ ዓይነት ቤቶች፣ ሉዊስ ባልትዝ በካሊፎርኒያዋ ኧርቫይን ዙሪያ ያሉትን የፋብሪካ ግድግዳዎች አሳዩ። ብዙ ጎብኚ ደረቅና አሰልቺ አላቸው። የባልትዝ አንድ ግድግዳ ብቻውን ቢሰቀል እውነትም ብዙ አይናገርም፤ በተርታ ሲደረደር ግን ምድሪቱ ምን እንደደረሰባት መታየት ይጀምራል። የቡድን ዐውደ ርእይን የሚገመግም ሰው ከዚህ የሚወርሰው ነገር አለ፦ ህትመት ከጎረቤቱ ጋር ይነበባል፤ አሰቃቀሉም የሐሳቡ አካል ነው።

በፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ መሥራችነት አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረ ወዲህ እኛም በጋራ የምናይበት ግድግዳ አግኝተናል። ሚካኤል ጸጋዬ የሚፈርሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ያስቀረባቸው ፎቶግራፎች በሮቸስተር የተነሣው ጥያቄ የእኛም መሆኑን ያሳያሉ። አሁን አብዛኛውን ምስል የምናየው በስልክ መስታወት ነው፤ በዚያ ላይ ሁሉም አንድ መጠን፣ አንድ ብርሃን አለው። የወረቀቱ ሸካራነት፣ በጥላው ውስጥ የቀረው ዝርዝር፣ ከሩቅና ከቅርብ የማየት ልዩነት ይጠፋል፤ ለሂስ የሚሆነውም ቋንቋ አብሮ ይሳሳል።

ከተሞቻችን በፍጥነት መልካቸውን እየለወጡ ነው። ዛሬ የሚሰቀሉት ህትመቶች ለልጅ ልጆቻችን የምድሪቱ ማስረጃ ይሆናሉ። ስለዚህ የዐውደ ርእይ አዘጋጆችን የምንጠይቀው አለ። ከእያንዳንዱ ህትመት ሥር ነዋሪዎቹ ቦታውን የሚጠሩበት ስም፣ የተነሣበት ዓመት፣ የወረቀቱ ዓይነትና ያተመው ባለሙያ ይጻፍ። አንድ ምሽትም ለሂስ ይመደብ፤ ፎቶ አንሺው ከአንድ ኔጌቲቭ ወይም ፋይል የወጡ ሁለት ህትመቶችን ጎን ለጎን አቁሞ ለምን አንዱን እንደመረጠ ያስረዳ፤ ከፍሬሙ ውጭ ማን እንደቀረም ይጠየቅ፤ የተባለውም ተጽፎ ይቀመጥ።