የተሻሻለ ስበት

እ.ኤ.አ. በ1998 የሩቅ ከዋክብትን ፍንዳታ የተከታተሉ ተመራማሪዎች የኅዋ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን ደረሱበት። ብዙዎች ምክንያቱን «ጥቁር ኃይል» አሉት፤ የኅዋን 68 በመቶ ያህል ይይዛል። «የተሻሻለ ስበት» ከዚህ ይለያል፦ ኅዋ ላይ አዲስ ነገር ሳይጨምር የአንስታይንን የስበት ቀመር ራሱን ይለውጣል። ደቡብ አፍሪካ፣ ኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ ያሉት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር አማረ አበበ የሚመረምሩት ይህን መንገድ ነው፤ በጣም ያኮራኛል።

ሐሳቡ በልኬት ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት የተነሡት የስበት ሞገድና ጋማ ጨረር 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ተጉዘው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ምድር ደረሱ። የሞገዱን ፍጥነት ከብርሃን የለዩ ብዙ ቀመሮች ያኔ ወደቁ። «ኤፍ አር» የተባለው የተሻሻለ ስበት ቀመሮች ቤተሰብ ግን ሞገዱንና ብርሃንን በእኩል ፍጥነት ስለሚያስኬድ ፈተናውን አልፏል።