ቤት፣ ደጃፍና ሕግ

ሌባ ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተይዞ ቢገደል ገዳዩ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን አለበት። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 የሰፈረው ፍርድ ይህ ነው። ጥንታዊው የሮማ የ12 ሰሌዳ ሕግም የሌሊቱን ሌባ ከቀኑ ይለያል። በጨለማ የገባ ሰው ለዕቃ ይሁን ለነፍስ የመጣ አይታወቅም። በቀን ግን ፊቱ ይለያል፣ «ኡ ኡ» ቢባልም ጎረቤት ይደርሳል።

ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩባት አሜሪካ ሕጓን የወረሰችው ከእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1604 ለንደን ውስጥ የተፈረደው የሴሜይን ጉዳይ የተነሣው ግን በሌባ ሳይሆን በዕዳ ነበር። ባለዕዳው ሞቶ ዕቃው አብሮት ይኖር በነበረ ሰው እጅ ቀረ፤ ሰውየውም የሸሪፉ ሰዎች እንዳይገቡ በሩን ዘጋ። ፍርዱን የዘገበው ኤድዋርድ ኮክ ቤት ለባለቤቱ ምሽጉ እንደሆነ፣ ቤቱን ከሌባ ሲከላከል የገደለም እንደ ወንጀለኛ እንደማይቆጠር ጻፈ። ሰዎች የሚያስታውሱት ይህን ብቻ ነው። ያው ፍርድ ግን የንጉሥ ሹም እንኳ በር ከመስበሩ በፊት የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ እንዲከፈትለት ይጠይቅ ይላል። እኛ አገር ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» እንደማለት ነው።

የእኛው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ የተመሠረተ ነው። በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ ሕግም በአንቀጽ 78 መከላከልን የሚፈቅደው አደጋውን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና ኃይሉ ከመጠን ካላለፈ ነው።

በአሜሪካ ግን ሕጉ እንደ ግዛቱ ይለያያል። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1985 በሕገ ወጥ መንገድ ቤት የገባን ሰው ለመመከት ባለቤቱን ሰፊ ከለላ ሰጠች። ፍሎሪዳ በ2005 ከቤት ውጭም ቢሆን ጥቃት የደረሰበት ሰው መሸሽ ግዴታው አይደለም አለች። ሁለቱም ቢሆኑ በር አንኳኩቶ የቆመን ሰው እንደ ወራሪ አይቆጥሩም።

ሌሊት ዕቃና ምግብ በየቤቱ ለሚያደርሱ ልጆቻችን ሊነገር የሚገባው ታሪክ ግን የሉዊዚያናው ነው። በጥቅምት 1992 እ.ኤ.አ. አንድ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ ባተን ሩዥ ከተማ ወደ ሃሎዊን ግብዣ ሲሄድ ቤት ተሳስቶ ደወለ። ባለቤቱ ሽጉጥ ይዞ ወጣና «ፍሪዝ!» አለው፤ ባለህበት ቁም ማለቱ ነበር። እንግሊዝኛው ገና ያልጠናው ልጅ መቅረቡን አላቆመም፤ ተተኮሰበትና ሞተ። በ1993 ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ተኳሹን በነፃ አሰናበቱት። በ1994 ግን የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ያ ተኩስ አስፈላጊ እንዳልነበረ ወስኖ ለወላጆቹ ከ650 ሺህ ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ።