ድህነት በአስተሳሰብና በውሳኔ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ድህነት የገቢ ማነስ ብቻ አይደለም። የዕለት ጉርስ ጭንቀት የሰውን ሐሳብ ስለሚይዝ ለነገ ለማቀድ የሚቀረው አቅም ይቀንሳል። «ለእኔ አይሆንም» የሚል ተስፋ መቁረጥም በአቅራቢያ ያለውን ዕድል እንኳ እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ይህ የችግሩ ውጤት እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም።

ተስፋ ሊታደስ እንደሚችል በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በዶባ ወረዳ፣ በ64 መንደሮች የተካሄደ ጥናት ያመለክታል። በ2003 ዓ.ም. የተወሰኑ ነዋሪዎች እንደ እነርሱ ባለ ኑሮ ውስጥ የነበሩ ሰዎች በጥረታቸው ሕይወታቸውን እንዴት እንዳሻሻሉ የሚያሳዩ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን ተመለከቱ። ከስድስት ወራት በኋላ በተደረገው ክትትል ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡት ገንዘብ መጠነኛ ጭማሪ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ተስፋ ብቻውን ጥሪትን አይተካም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ ዋስትና ችግር ላለባቸው ቤተሰቦች አስቀድሞ የሚታወቅ ድጋፍ እንዲሰጥ የተቀረጸውም ቤተሰቡ በክፉ ጊዜ ከብቱንና ሌላ ጥሪቱን ለመሸጥ እንዳይገደድ ነው። በፕሮግራሙ መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች በአካባቢ ልማት ሥራ ይሳተፋሉ፤ በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት መሥራት የማይችሉ ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ።

ተጠቃሚዎች በየቀበሌው በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ይለያሉ። በልየታው ቅር የተሰኘ ማንኛውም ነዋሪ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል። ድጋፍ መጠየቅም ሆነ ቅሬታ ማቅረብ የሚያሳፍር ተግባር አይደለም።