ከርስት አገር እስከ ዕድር መዝገብ፤ ስለ ካራና ስለ ጎረቤቶቿ

የአዲስ አበባን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሡ ሰዎች ብዕራቸውን የሚያነሡት ከቤተ መንግሥቱ ነው፤ ከዚያም ወደ ገበያው፣ ወደ ባቡሩና ወደ ሌጋሲዮኑ ይወርዳሉ። ከከተማይቱ በሰሜን ምሥራቅ ወገን፣ ከየካ ተራራ ሥር ስለምትገኘው ስለ ካራ የሚጽፍ ግን እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው እንዴት ጎረቤት፣ ከጎረቤትም እንዴት ዘመድ ለመሆን እንደበቃ ለማወቅ ለሚሻ ሰው እንዲህ ያለችው የዳር መንደር ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ብዙ ነገር ትነግረዋለች።

ካራ ሲባል አማርኛ ተናጋሪው ወዲያው ትዝ የሚለው ሥጋ የሚቈረጥበት ካራ ነው። ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ግን ካራ ማለት መንገድ ነው ይለናል። አቀማመጧ የሚመሰክረው ለሁለተኛው ነው፤ ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ ወደ ዋናው ከተማ የሚገባው በዚህ በኩል ነውና። የመንዙም የቡልጋውም የወሎውም ሰው ዕድሉን ሊሞክር ሲመጣ በዚህ መንገድ ወርዷል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር በከባድ መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ የገባውም በዚሁ በደሴ መንገድ ነበር። አምስት ዓመት ቈይቶ በዚያው ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲመለሱ ግን የገቡት በወዲያኛው ወገን፣ በእንጦጦ በኩል ነው።

የከተማው ሰው ከመምጣቱ በፊት ይህ ምድር ባዶ ነበረ ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በተራራውም በሜዳውም የቱለማ ኦሮሞ ከብቱን ሲያረባና ሲያርስ ይኖር ነበር። ከየካ በላይ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራው፣ ዛሬ ጣሪያው ፈርሶ ግድግዳው የቀረው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም ከዋና ከተማው እጅግ የቀደመ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ፣ ማርያምን አሠርተው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያው ዘውድ ሲጭኑ፣ የመጣው ሠራዊትና ባለሟል፣ ባለ እጅና ነጋዴ ሰው ባለበት አገር ላይ ነው የተጨመረው። አገሩ የራሱ ሥርዓት፣ እንግዳንም ዘመድ የሚያደርግበት የራሱ ደንብ ነበረው። ኦሮሞው የሌላውን ልጅ በጉዲፈቻ ያሳድጋል፤ በሞጋሳም ባዕዱን ከጎሣው ይቈጥረዋል። አማራውም የጡት ልጅ የሚለው ልማድ ነበረው፤ ልጅ ክርስትና በማንሣትም አበልጅ ይሆናል። ስለዚህ በደም የማይገናኝ ሰው በወግ ሊዛመድ እንደሚችል ሁለቱም ወገን አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ነገር ግን ከተማው ራሱ ይቈይ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ብዙዎቹ የቀድሞ ነገሥታት ከጎንደር ዘመን በስተቀር በአንድ ስፍራ የማይረጉ ነበሩና፣ ማገዶው ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። የእንጦጦ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተመነጠረ፤ በ1879 ዓ.ም. ተቈርቍራ ስሟን ያገኘችው አዲስ አበባም በዚያው ችግር ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ዛፉ በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደገባ፣ ያስመጣውም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ ይነገራል። ከእንጦጦ እስከ የካ፣ ከየካ እስከ ካራ ጋራውን ሸፈነው፤ ቤት የሚሠራበት ቋሚም፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቅጠልም ከዚያ ተገኘ። ስለ ባሕር ዛፍ የውሃ ጠጭነት የሚነሣው ክርክር እውነት ቢኖርበትም፣ ድንኳን የነበረው ሰፈር ቤት የሆነው በእርሱ ምክንያት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ቤት የሠራ ሰው ደግሞ በዚያው ያረጃል፤ በዚያውም ይሞታል። የካራም ሆነ የመላው አዲስ አበባ ኑሮ ታሪክ ዋና ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። በርስት አገር የሚኖር ሰው ሲሞት ማን እንደሚገንዘው፣ ማን መቃብር እንደሚቈፍርለት፣ ለለቀስተኛው ማን እህል እንደሚያወጣ የሚጠይቅ የለም፤ ዘመዱ በዙሪያው ነው፤ አጽሙም ከአባቶቹ አጽም ጋር ያርፋል። ከመንዝ ወይም ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ በየካ ሥር ጎጆ የቀለሰ ሰው ግን ይህ ሁሉ በኋላው ቀርቷል። መርዶው አገሩ እስኪደርስ ቀብሩ ያልፋል። ለዕለት እንጀራ ሁሉም ይሮጥ ይሆናል፤ ያለ ዘመድ መቀበር ግን ሐበሻ ከማንኛውም ድህነት አብልጦ የሚፈራው ነገር ነው።

ከዚህ ፍርሃት የተወለደው ዕድር ነው። ብዙዎቹ አጥኚዎች አጀማመሩን በሃያኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱት ጉራጌዎች ጋር ያያይዙታል፤ በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እንደተስፋፋም ይገልጻሉ። አሠራሩን ሁላችንም ስለምናውቀው ማተት አያስፈልግም፤ ወርኀዊ መዋጮ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት፣ በንጋት የሚነፋ ጥሩምባ፣ ከቀብር ለቀረ ሰው መቀጮ። ልብ የማንለው ነገር ቢኖር በመዝገቡ ላይ ስም መጻፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው። በትውልድ ይቈጠር የነበረው ዘመድ ከዚያ ወዲህ በተራ ቍጥር ተቈጠረ። ስሙ የተጻፈ ሰው ጎረቤቱን ቢወደውም ባይወደውም ሊቀብረው ግዴታ ገባ። ይህ ፍቅርን ወደ ሕግ ማውረድ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። በበኩሌ ግን፣ የማይዋደዱ ጎረቤቶች በአንድ ድንኳን ሦስት ቀን አብረው እንዲቀመጡ ያደረገ ሕግ ስለ ፍቅር ከሚነገር ብዙ ስብከት ይበልጥብኛል።

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም። ከሮም አቅራቢያ በነበረች ላኑቪዩም በምትባል ትንሽ ከተማ በ136 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸ የቀብር ማኅበር ደንብ ተገኝቷል፤ አዲስ ገቢ 100 ሴስተርስና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን፣ በየወሩም 5 አስ የሚባል ሳንቲም እንዲከፍል ያዛል። ከአባሎቹ መካከል ባሮች ነበሩ። ዘመድ የሌለው ሰው በየትም አገር፣ በየትም ዘመን ያሰበው አንድ ነገር ነው።

ዕድርን ከሰንበቴና ከማኅበር ጋር የሚያደባልቁ አሉ። ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ዳቦና ጠላ በተራ የሚቀርብበት፣ ነዳያንም የሚበሉበት የምእመናን ጉባኤ ነው፤ የጽዋ ማኅበር ደግሞ በወሩ የቅዱሱ ቀን ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ነው። ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን የተገኙ ናቸውና በእምነት ይወሰናሉ። የሰፈር ዕድር ግን ብዙውን ጊዜ ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድ መዝገብ ይጽፋል። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ መስጊድ መቃብር ይሸኛል፤ ሸኚው ግን አንድ ነው። የለቅሶ ቤት ምግብ ንፍሮ መሆኑ በዚህ ረገድ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ሥጋ የለበትምና ማንም ከማንም ተለይቶ አይበላም። ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ ወደ የካ ሲመለስ አጅቦ የሚዘምረው ወጣት፣ በማግስቱ ለእስላም ጎረቤቱ ድንኳን ሲተክል ቢታይ የሚደነቅ የለም።

መንግሥት ይህን ኃይል ዘግይቶም ቢሆን አየው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበሮች የሚቋቋሙበትን ወሰነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የመመዝገቢያ ደንብ ወጣ። በዚያን ዘመን በአዲስ አበባ ያሉ ዕድሮች ከቀብር አልፈው መንገድ መጥረግ፣ ዘበኛ መቅጠርና ትምህርት ቤት መርዳት ጀምረው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የተቋቋመው ቀበሌ ግን ይህን ሁሉ ተረከበና ዕድር ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ያም ሆኖ አልጠፋም፤ ሥርዓቱ ሲያልፍ እርሱ ቀረ። በ1990ዎቹ የኤድስ በሽታ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ባበዛ ጊዜ፣ ለሞተ እንጂ ላለ ሰው አይከፍልም የነበረው የብዙ ዕድር ደንብ ተሻሻለ። ይህን ለማድረግ የተካሄደው ክርክር ቀላል አልነበረም፤ የሙታን ገንዘብ ይነካል የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩና።

አንድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ ግን አድልዎ ይሆናል። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ዘወትር የአባወራው ስም ነው። ድስቱን የምትጥደው፣ ንፍሮውን የምትቀቅለው፣ ለሐዘንተኛው አዝና የምታድረው ሴት «የእገሌ ባለቤት» ተብላ ትታለፋለች። ከእንጦጦና ከየካ ጋራ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወገባቸው ጐብጦ በዳገቱ ሲወርዱ የኖሩት፣ ከተማይቱን ያሞቋት ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ለወር መዋጮ የሚበቃ ገንዘብ በእጃቸው አይገባም ነበር። ኋላ የሴቶች ዕድር እየተባለ የተቋቋመው ይህን ጉድለት በከፊል ሞላው፤ ዕቃ ማከራየትና እርስ በርስ መበዳደር ከዚያ ተጀመረ። የዕድር ታሪክ ሲጻፍ ከዳኛው ማኅተም ይልቅ ከድስቱ ቢጀመር እውነቱ ይቀርባል።

ዛሬ ካራ ከከተማው ዳር ያለች መንደር መሆኗ እየቀረ ነው። ከተማው በላይዋ አልፎ ለገጣፎ ደርሷል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በዕጣ የሚሰጡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በዚሁ ወገን ያለውን የየካ አባዶን ጨምሮ፣ ከመላው አዲስ አበባ የተሰበሰበ ሰው በአንድ ደረጃ ላይ አኖሩ። እንጦጦም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ሆኗል። ወደ አዲሱ ሕንፃ የገባው ቤተ ሰብ ልክ እንደ አያቱ ከማያውቀው ጎረቤት ጋር ነው፤ ልዩነቱ አያቱ በጭቃ አጥር ላይ ሰላምታ ሲሰጥ እርሱ በብረት በር መለየቱ ነው። በየሕንፃው አዲስ ዕድር እየተቋቋመ ነው፤ ሞትም በጥሩምባ ፈንታ በስልክ ይነገራል። ሆኖም ብዙ ቤተ ሰብ የቀድሞ ሰፈሩን መዝገብ አይተውም። በወሩ እሑድ ልጁን ልኮ፣ ወይም ራሱ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ሄዶ ይከፍላል፤ ለአዲሱም ለአሮጌውም። አዲሱ ዕድር ድንኳኑን በሕንፃው ሥር ይተክልለት ይሆናል፤ መቃብሩ ግን ወላጆቹ ባረፉበት በቀድሞው ደብር እንዲሆን ይናዘዛልና፣ እዚያ አፈር የሚያለብሱት እነዚያ የጥንት ጎረቤቶቹ ናቸው።