የሰሜን ደኖች ፈንገሶችና የአየር ንብረት

ከአላስካና ከካናዳ አንስቶ በስካንዲኔቪያና በፊንላንድ በኩል እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ የሚዘልቀው የቦሪያል ደን (ታይጋ) በዛፍ ዓይነት ብዙ የታደለ አይደለም። እጅግ ሰፊውን ምድር የሚሸፍኑት ስፕሩስ፣ ፓይን፣ ላርች፣ በርችና ጥቂት ሌሎች ዛፎች ናቸው። ከአፈሩ ሥር ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። በአላስካ መሐል አገር በጥቁር ስፕሩስ ደኖች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዘረመል ጥናት ለእያንዳንዱ የዕፅዋት ዝርያ 17 ያህል የፈንገስ ዝርያ እንደሚኖር ገምቷል።

በጥቅሉ የፈንገስ ዝርያ የሚበዛው ወደ ምድር ወገብ ሲቀረብ ነው። በኢስቶኒያዊው ሌሆ ቴደርሱ መሪነት ከ365 የዓለም ሥፍራዎች በተሰበሰበ አፈር ላይ የተሠራውና በዚያው ዓመት የወጣው ጥናት ይህን አረጋግጦ፣ ስርጭቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የአየር ንብረት መሆኑን አሳይቷል። አንድ ወገን ግን ከዚህ ሥርዓት ያፈነግጣል፦ ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምረው የሚኖሩት የኤክቶማይኮራይዛ ፈንገሶች ይበልጥ የሚበዙት ከሞቃታማው ይልቅ በመካከለኛውና በቀዝቃዛው ደን ነው።

ምክንያቱ ከብርዱ ይጀምራል። አፈሩ የሚሞቅበት ጊዜ አጭር ስለሆነ የረገፈው መርፌ ቅጠልና የሞተው ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ አሲዳማ ንጣፍ ይሠራል። ዛፉ የሚሻው ናይትሮጅን እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ ሥሩም ብቻውን ሊያወጣው አይችልም። ፈንገሱ የሥሩን ጫፍ እንደ ጓንት ሸፍኖ፣ ቀጫጭን ክሮቹን በንጣፉ ውስጥ ዘርግቶ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያቀርባል፤ በምላሹ ዛፉ በቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ያገኛል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ አልበርት ፍራንክ ይህን ጥምረት በ1885 ማይኮራይዛ ብሎታል። በሰሜን ደኖች በዝርያ ብዛት ከሚታወቁት አንዱ የኮርቲናሪየስ ወገን ሲሆን፣ ጠንካራውን ብስባሽ የሚፈቱ ኢንዛይሞች ያሏቸው ዝርያዎች አሉት።

ፈንገሶቹ አፈሩንም ራሳቸው ይገነባሉ፤ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁን ክብደት መስጠት የሚገባው ለዚህ ይመስላል። በሰሜን ስዊድን ሐይቆች ደሴቶች ላይ የተካሄደውና በ2013 የታተመው ጥናት፣ ከተከማቸው ካርቦን ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የመጣው ከላይ ከሚረግፈው ቅጠል ሳይሆን ከሥሮችና ከሥር ጋር ከሚኖሩ ረቂቅ ሕያዋን መሆኑን አግኝቷል። መብረቅ የሚያነሳው እሳት እምብዛም በማይደርስባቸው ትንንሽ ደሴቶች ንጣፉ ይወፍራል። እሳት ሲያይል ንጣፉ ከነፈንገሱ ይነዳል፤ እንደ ሞሬል ያሉ እንጉዳዮች ግን በማግሥቱ ዓመት በተቃጠለው መሬት ላይ በብዛት ይወጣሉ።

የሙቀቱ ለውጥ ከወዲሁ ይታያል። በኖርዌይ ከ1940 እስከ 2006 የተመዘገቡ እንጉዳዮች ሲመረመሩ፣ የመውጫ ጊዜያቸው ከ1980 ወዲህ በአማካይ 12.9 ቀን ዘግይቶ ተገኝቷል። በሰሜን አሜሪካ የፓይን ቤተሰብ ደኖች ላይ የተሠራ ትንበያ ደግሞ፣ በ2070 የኤክቶማይኮራይዛ ዝርያ ብዛት በሰፊ አካባቢዎች እስከ 26 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ያሳያል። በሚኒሶታ ደን ውስጥ አየሩንና አፈሩን ሆን ብለው ያሞቁ ተመራማሪዎች ያዩት ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ የፈንገሶቹ ስብጥር ይበልጥ የተለወጠው ሙቀቱ ስኳር የመሥራት አቅማቸውን ባዳከመባቸው የሰሜን ዛፎች ሥር ነበር።