የስኔል የራስ ቁር፤ ስለ አማተር የመኪና እሽቅድምድምና ስለ ደኅንነት ዕቃዎች

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ የታሪክ ጽሑፍ አዘጋጁ በተባልን ጊዜ ጓደኞቻችን ነገሥታቱንና ጦርነቶቹን ቀድመው ስለ ወሰዱብን፣ ለእኛ የቀረልን የትንንሽ ዕቃዎች ታሪክ ሆነ። ሆኖም ባነበብን ቁጥር ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ተረዳን። የምንጽፈው የአውቶሞቢል ተሽቀዳዳሚዎች በራሳቸው ላይ ስለሚደፉት ቁር፣ ስለሚታጠቁት ቀበቶና በትከሻቸው ላይ ስለሚያኖሩት መደገፊያ ነው። ይልቁንም የተመለከትነው አማተር የሚባሉትን፣ ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው የሚወዳደሩትን ነው። ደመወዝተኛ ተወዳዳሪ አለቃ አለው፤ አለቃው ልበስ ያለውን ይለብሳል። አማተሩ ግን በሥራ ቀን ሐኪም ወይም ነጋዴ ወይም መካኒክ ሆኖ ይውልና፣ በዕረፍት ቀኑ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን መኪና ይዞ፣ የገዛ ቁሩን ደፍቶ ወደ ሜዳው ይወጣል። ወላጆቻችን ይህን ሲያነቡ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚሉ እናውቃለን። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አደጋ ቢደርስበት ኃላፊው ማን ነው? የጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ራስን በቁር መሸፈን ለጦረኛ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ለሞተር ነጂ ግን ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤሪክ ጋርድነር፣ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ጭንቅላታቸውን እየተመቱ ሲመጡባቸው ጊዜ፣ በሙጫ ካደረቀ ሸራ የራስ ቁር አሠሩ። በ1914 በማን ደሴት በተደረገው ውድድር ያለ ቁር መወዳደር ተከለከለ። ነጂዎቹ ግን ነገሩን አልወደዱትም። በ1935 «የዓረቢያው ሎረንስ» የተባለው ቲ. ኢ. ሎረንስ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ በጭንቅላቱ ጉዳት ሞተ፤ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት ሂው ኬርንስ ነገሩን ሳይረሱት ቆይተው በ1941 ስለ ቁር ጥቅም ጥናት አሳተሙ፤ በዚያው ዓመትም የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞች ቁር እንዲደፉ ታዘዘ። በትልልቆቹ የመኪና ውድድሮች፣ ግራን ፕሪ በሚባሉት፣ ቁር ግዴታ የሆነው ግን ገና በ1952 ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ በጨርቅ ቆብና በመነጽር ብቻ ይነዱ ነበር። ሐኪሙ ቀድሞ ያወቀውን ነጂው ለመቀበል ይህን ያህል ዘመን ፈጀበት።

የአማተሮቹ ታሪክ ይልቁን በአሜሪካ ይገኛል። የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ የተመሠረተው በ1944 ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አባሎቹ በገንዘብ ሽልማት እንዲወዳደሩ አይፈቅድም ነበር። በጥቅምት ወር 1948 ካሜሮን አርጌትሲንገር የሚባል የሕግ ተማሪ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በዋትኪንስ ግሌን መንደር ውድድር አዘጋጀ። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያህል ሆኖ በመንደሩ ዋና ጎዳና መካከል የሚያልፍና የባቡር ሐዲድ የሚያቋርጥ ነበር። ሕዝቡም ልጆቹን ይዞ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ይመለከታል። በ1950 ከክለቡ ስመ ጥር ተወዳዳሪዎች አንዱ ሳም ኮሊየር እዚያው ሞተ። የአማተሩ የቆየ መልስ «ሕይወቴ የራሴ ናት፤ አውቄ ገብቼበታለሁ» የሚል ነው፤ ስለ ኮሊየር ይህን ማለት ይቻል ይሆናል። በ1952 ግን በመንደሩ ጎዳና ሲያልፍ የነበረ መኪና ከመንገዱ ዳር ያሉትን ተመልካቾች መትቶ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሞተ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ያ ልጅ አውቆ የገባበት ነገር አልነበረም። እኛ እንደምንፈርደው «ሕይወቴ የራሴ ናት» የሚለው ቃል የተሸነፈው በዚያ ቀን ነው። በሚከተለው ዓመት ውድድሩ ከመንደሩ ወጣ፤ በ1956ም ለእሽቅድምድም ብቻ የሚሆን መንገድ ተሠራለት። በመካከሉ በ1955 በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከ80 በላይ ሰዎች አልቀው ስለ ነበር፣ የተመልካች ነገር በዓለም ሁሉ ያሳስብ ጀምሯል።

ስለ ቀበቶ የተደረገው ክርክር ደግሞ ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። ብዙ ነጂዎች መኪናው ሲጋጭ ታስሮ ከመቃጠል ተወርውሮ መውደቅ ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር። ነዳጁ ከጎናቸውና ከኋላቸው ስለሚቀመጥ እሳቱን መፍራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን ተወርውሮ የወደቀውን ሰው ድንጋዩ፣ ዛፉ ወይም የራሱ መኪና ይቀበለዋል። የአሜሪካው አማተር ክለብ ተወዳዳሪዎቹ በወገባቸው ቀበቶ እንዲያስሩ በ1954 አዘዘ። በዓለም የታወቁት የግራን ፕሪ ነጂዎች ይህ ግዴታ የደረሰባቸው በ1972 ነው። አማተሩ ባለሙያውን በ18 ዓመት ቀደመው ማለት ነው! ቀበቶው ግን ብቻውን አይበቃም። ክፍት መኪና ሲገለበጥ በቀበቶ የታሰረው ሰው ከመኪናው ጋር ይዞራል፤ ራሱም ከመሬት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ከነጂው ራስ በላይ ቀስት ሆኖ የሚቆም ጠንካራ የብረት ቱቦ ማስፈለጉ ታወቀ። የአንዱ ዕቃ ጥቅም በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ወደ ስኔል እንመለስ። ዊልያም ስኔል፣ ጓደኞቹ ፒት ይሉት የነበረ፣ የካሊፎርኒያ አማተር ተወዳዳሪ ነበር። በ1956 በሰሜን ካሊፎርኒያ በአርኬታ በተደረገ ውድድር መኪናው ተገለበጠችና በጭንቅላቱ ጉዳት ሞተ። ስኔል ቸልተኛ ሰው አልነበረም። በጊዜው ጥሩ የሚባለውን ቁር ደፍቶ ነበር። ከአንድ ነጂ የሚጠበቀውን አድርጎ ሳለ ቁሩ አላዳነውም። እዚህ ላይ ስንደርስ ጽሑፉን አቁመን ብዙ ተከራከርን፤ ከመካከላችን አንዱ «እንግዲህ ኃላፊው ሻጩ ነው» ሲል፣ ሌላው «ሻጩም አላወቀም» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ገዢ በሱቅ ውስጥ ቁሩን በጣቱ አንኳኩቶ ጥንካሬውን ሊያውቅ አይችልም፤ ቀለሙንና ዋጋውን ብቻ ያያል። በዚያን ጊዜ የሚሸጡት ብዙዎቹ ቁሮች ከላይ ጠንካራ ቢሆኑም፣ በውስጣቸው ራስን የሚይዘው የጠፍርና የቆዳ ማሰሪያ ነበር። ደኅና ናቸው ተብሎ የታመነውም በልማድ እንጂ በሚዛን አልነበረም።

ዶክተር ጆርጅ ስናይቭሊ የስኔል ጓደኛና የክለቡ አባል ነበሩ። እኚህ ሐኪም በጓደኛቸው ሞት አዝነው ብቻ አልቀሩም። በገበያ ያሉትን ቁሮች እየሰበሰቡ፣ በሰው ራስ አምሳል በተሠራ ቅርጽ ላይ እየደፉ፣ በታወቀ ኃይል እየመቱ ምን ያህሉ ምት ወደ ውስጥ እንደሚያልፍ በመሣሪያ ይለኩ ጀመር። ውጤቱ የሚያሳፍር ነበር፤ አብዛኞቹ ከከባድ ምት አያድኑም። ዶክተሩም ያገኙትን በ1957 በአንድ የመኪና መጽሔት ላይ አወጡት። በዚያው ዓመት ጓደኞቹ በስኔል ስም የመታሰቢያ ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱም በ1959 የመጀመሪያውን የቁር መመዘኛ አወጣ። ለሟች ሐውልት ማቆም የተለመደ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን በሐውልት ፈንታ መዶሻና መለኪያ አቆሙለት። ይህ ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኝቶናል።

ምሥጢሩ ምን እንደ ሆነ በፊዚክስ ትምህርታችን መሠረት ባጭሩ እንገልጻለን። ጥሩ ቁር ሁለት ክፍል አለው። የውጪው ቅርፊት ጠንካራ ሆኖ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈውን ምት ወደ ሰፊ ቦታ ይበትነዋል። ራስን የሚያድነው ግን በይበልጥ የውስጡ ንጣፍ ነው። ይህም ቴሌቪዥን ወይም ማቀዝቀዣ ታሽጎበት የሚመጣውን ቀላል ነጭ ነገር፣ ፖሊስቲሪን የሚባለውን ይመስላል። ምት ሲመጣ ንጣፉ እየተሰባበረ ኃይሉን በራሱ ላይ ይጨርሳል፤ ጭንቅላቱም በቅጽበት ከመቆም ይልቅ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ጉዞ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቆማል። በካሊፎርኒያ የሚገኙ ምሁራን እንዲህ ላለ ንጣፍ በ1953 የፈጠራ መብት አግኝተውበት ነበር፤ ማለት ስኔል ከመሞቱ ከሦስት ዓመት በፊት። እንግዲህ አንድ ጊዜ የተሰባበረ ንጣፍ ተመልሶ አይሠራም። ከውጪ ምንም ጭረት ባይታይበት እንኳ አንድ ከባድ ምት የተቀበለ ቁር መጣል አለበት። ይህን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ቁሩን ደብቆ ቢያመጣው ወይም ለሌላ ቢሸጠው ማንም አያውቅበትም። መመዘኛው የፋብሪካውን ኃላፊነት ይወስናል እንጂ የባለቤቱን ሕሊና አይተካም።

ስለ ልብስ ብዙ አንልም። ቀድሞ የጥጥ ልብስን በቦራክስ ውሃ ነክሮ ማድረቅ የተለመደ ሲሆን፣ በ1964 በኢንዲያናፖሊስ ሁለት ነጂዎች በእሳት ከሞቱ በኋላ ኖሜክስ የሚባለው እሳት የማይዘው ጨርቅ በፍጥነት ተስፋፋ።

የስኔል ታሪክ ነጂው ፈቃደኛ ሆኖ ዕውቀቱ የጎደለበት ነው። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ተቃራኒው፣ ዕውቀቱ ተገኝቶ ፈቃዱ የጠፋበት ነው። በ1981 ፓትሪክ ዣክማር የሚባል ተወዳዳሪ በኦሃዮ በመለማመድ ላይ ሳለ ተጋጭቶ ሞተ። ሰውነቱን ቀበቶ ይዞት፣ ራሱ ግን ከነቁሩ ወደ ፊት ስለ ተወረወረ የራስ ቅሉ ሥር ተሰበረ። ጓደኛው ጂም ዳውኒንግ የእኅቱን ባል ሮበርት ሐባርድን አማከረ፤ እኚህም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሰው አካልና የግጭትን ነገር የሚያጠኑ ፕሮፌሰር ነበሩ። ሁለቱ ተባብረው በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ዕቃ ሠሩ። ዕቃው ቀንበር መስሎ በትከሻ ላይ ያርፋል፤ የትከሻው ቀበቶ በላዩ ያልፋል፤ በሁለት አጫጭር ማሰሪያዎችም ከቁሩ ጋር ይገናኛል። ሰውነት ሲቆም ራስም አብሮ ይቆማል። ስሙ ሐንስ ይባላል። ዳውኒንግ ራሱ አድርጎት ይወዳደር ነበር፤ ሌሎቹ ግን አንገት ያስጨንቃል፣ ለመውጣት ያስቸግራል እያሉ ለዓመታት ተዉት። የካቲት 18 ቀን 2001 ስመ ጥሩው ዴል ኧርንሃርት በዴቶና በመጨረሻው ዙር ከግንቡ ጋር ተጋጭቶ በዚያው ዓይነት ስብራት ሞተ። ሐንሱን አላደረገም ነበር። ከዚያ በኋላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሆነና፣ ናስካር የሚባለው የውድድር ድርጅት በጥቅምት 2001፣ ፎርሙላ ዋን ደግሞ በ2003 የአንገት መደገፊያን ግዴታ አደረጉ።

በቀበቶ ነገር ሁሉን ቀድሞ የነበረው የአማተሮቹ ክለብ ይህንን ያዘዘው በ2012 ነው፤ በዚህ ጊዜ ከባለሙያዎቹ ኋላ ቀረ። አንዱ ምክንያት ዋጋው ይመስለናል። የባለሙያውን ዕቃ ቡድኑ ይገዛለታል፤ አማተሩ ግን ጎማ ልግዛ ወይስ የአንገት መደገፊያ ብሎ ከኪሱ ጋር ይማከራል፤ ጎማ ያስቀድማል፣ አንገት ግን ያለ ግዴታ ይቆያል።

በአሁኑ ጊዜ ከውድድር በፊት መርማሪው መኪናውን ካየ በኋላ የነጂውን ቁር ይቀበላል። ገልብጦ በውስጡ የተለጠፈችውን ትንሽ ምልክት ይፈልጋል፤ በእርስዋ ላይ የስኔል ስምና የመመዘኛው ዓመት ተጽፎባታል። ድርጅቱ መመዘኛውን በየአምስት ዓመቱ ያህል ስለሚያድሰው፣ ዓመቱ ያለፈበት ቁር ይዞ የመጣ ነጂ በዚያ ቀን ወደ ሜዳው አይገባም።